ሳይስቅ ያሳቀው ባስተር ኪተንና ጠፍተው የተገኙት ፊልሞቹ

በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ፥ ጀምስ ሜሰን የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ተዋናይ፥ በካሊፎርኒያ በቤቨርሊ ሂልስ ገዝቶ ይኖርበት በነበረው ሰፊ ቤት ግቢ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ የፊልም ማስቀመጫ አገኘ። በውስጡም በቆርቆሮ ዕቃ የተከተቱ አሮጌ የፊልም ጥቅልሎች ነበሩ። ፊልሞቹ ድምፅ በሌለው ሲኒማ ዘመን የተሠሩ የቀልድ ሥራዎች ሲሆኑ፥ ከመካከላቸው ፈጽመው ከዓለም ላይ እንደ ጠፉ ተቈጥረው የነበሩ ይገኙባቸዋል። ቤቱን በ1926 ያሠራው፥ በፊልሞቹም ውስጥ ፊቱን ሳይፈታ የሚወድቀውና የሚነሣው ሰው ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ የሚኖረውም ከዚያው አካባቢ ሳይርቅ ነበር። ስሙ ባስተር ኪተን ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ኪተን ስሙ ያልታወቀ ሰው አይደለም። «ጄኔራል» የተባለው የባቡር ፊልሙ በየአገሩ ታይቷል፤ የሲኒማን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንትም ከቻርሊ ቻፕሊን ጎን ያቆሙታል። ነገር ግን ብዙ ሰው ያላያቸው፥ ካያቸውም መካከል ብዙው የረሳቸው አጫጭር ሥራዎች አሉት። እነርሱም ስለ ባልና ሚስት፥ ስለ አባትና ልጅ፥ ስለ አማቾችና ስለ ጎረቤት የተሠሩ የቤተ ሰብ ቀልዶች ናቸው። የእነዚህ ፊልሞች መጥፋትና መገኘት የሰውየው የራሱ የመውደቅና የመነሣት ታሪክ ስለ ሆነ፥ አንዱን ከሌላው ለይቶ መተረክ አይቻልም።

ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን በኦክቶበር 4 ቀን 1895 በካንሳስ ግዛት ፒኳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ ጆ እናቱም ማይራ፥ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ መድኃኒት ከሚሸጥ ጭፍራ ጋር ሕዝብ እያሳቁ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያን ዘመን በአሜሪካ የመድኃኒት ነጋዴ ገበያተኛ እንዲሰበሰብለት በመጀመሪያ ዘፈንና ጨዋታ ያሰማል፤ ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ጠርሙሱን ያወጣል። ስለዚህ ልጁ በመንገድ ላይ ተወለደ ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። ገና የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ሳለ ከደረጃ ላይ ተንከባልሎ ወርዶ ምንም ሳይጎዳ ስለ ተነሣ፥ በጊዜው የቴአትር ሰዎች ቋንቋ ከባድ አወዳደቅ ማለት የሆነው ባስተር የሚለው ስም ወጣለት። ስሙን ያወጣለት ከሰንሰለትና ከቁልፍ በማምለጥ ዝነኛ የሆነው ሃሪ ሁዲኒ ነው እየተባለ ይተረካል። ሁዲኒ የወላጆቹ ባልንጀራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስም ማውጣቱን ግን የሚጠራጠሩ አሉ። የቴአትር ሰዎች ታሪካቸውን ማሳመር እንደሚወዱ መዘንጋት አይገባም።

አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ ከአባትና ከእናቱ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ሦስቱ ኪተኖች ተብለው ይጠሩ ጀመር። ጨዋታቸው አንድ የማይታዘዝ ልጅና እርሱን ለመቅጣት የሚጥር አባት የሚያሳይ ነበር። አባት ልጁን ይዞ ወደ መጋረጃው፥ ከመድረክ በታች ወዳሉት ሙዚቀኞች፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ተመልካቹ ይወረውረዋል። ለመወርወርም እንዲያመች በልጁ ልብስ ጀርባ ላይ የሻንጣ እጀታ ተሰፍቶበት ነበር። ልጁ ግን እንደ ድመት በእግሩ መውደቅን፥ ሰውነቱን ማለስለስንና ሕመሙን በፊቱ ላይ አለማሳየትን ተማረ። ከዚህም በላይ አንድ ትልቅ ምስጢር አስተዋለ፤ ወድቆ ሲነሣ ፈገግ ያለ እንደ ሆነ ሕዝቡ ጥቂት ይስቃል፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ የተነሣ እንደ ሆነ ግን ቴአትር ቤቱ በሳቅ ይናጋል። በኋላ ዘመን ዓለም ሁሉ ያደነቀው የማይስቅ ፊት የተገኘው ከዚህ ነው።

ሕፃናትን ከጭካኔ የሚጠብቀው የኒው ዮርክ ማኅበር ይህን ጨዋታ በዝምታ አላለፈውም። ሹማምንት የልጁን ልብስ አስወልቀው ቁስልና ስብራት እንደ ፈለጉበት፥ ምንም ሳያገኙበትም እንደ ለቀቁት ይነገራል። ይሁን እንጂ በመጨረሻ ለሁለት ዓመት ያህል ሦስቱ ኪተኖች በኒው ዮርክ መድረክ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ኪተን ራሱ ከአደገ በኋላ አባቱን በጭካኔ የሚከስ ቃል አልተናገረም፤ መውደቅ ሙያው እንደ ነበረና አባቱም የሙያው መምህር እንደ ነበረ አድርጎ ይተርከው ነበር። ማኅበሩ ግን ያለ ምክንያት አልተነሣም። ትምህርት ቤት የገባው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር ይባላል፤ ከዚያ በላይ የተማረው ሁሉ በመድረክና በባቡር ጣቢያ የተገኘ ነው።

ልጁ ሲያድግ አባቱ ይጠጣ ጀመር። ሰካራም ሰው ልጁን በአየር ላይ ሲወረውር ቀልዱ ቀልድ መሆኑ ያበቃል፤ በትክክል ለመወርወርም ለመያዝም ልክ የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋልና። በ1917 መጀመሪያ ላይ እናትና ልጅ ተማክረው፥ ለጆ ሳይነግሩ በባቡር ተሳፍረው ተለዩት። በዚህ ሁኔታ ለ16 ዓመት ያህል ሕዝብ ሲያስቅ የኖረው ቤተ ሰብ ፈረሰ። ባስተር 21 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በሳምንት 250 ዶላር በሚከፈልበት ትልቅ የመድረክ ትርኢት ሊጫወት ከተስማማ በኋላ፥ ሮስኮ አርባክል የተባለው ወፍራሙ የሲኒማ ቀልደኛ ፊልም ወደሚሠራበት ቤት ጋበዘው። ኪተን ከትወናው ይልቅ በካሜራው ተደነቀ፤ መሣሪያውን ፈታትቶ አሠራሩን እስኪያውቅ ድረስ አላረፈም ይባላል። የመድረኩን ውል ትቶ በሳምንት 40 ዶላር ለአርባክል ተቀጠረ። ከ1917 እስከ 1920 ድረስ ሁለቱ ባልንጀሮች 14 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። በመካከሉ በ1918 ለጦርነት ተጠርቶ ወደ ፈረንሳይ ዘመተ፤ በዚያም ጆሮውን ታምሞ የመስማት ኃይሉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ተቀንሶ ቀረ። አርባክል በ1921 በሰው መሞት ተከስሶ ስሙ በጠፋ ጊዜ፥ በ1922 ፍርድ ቤት ነጻ ከለቀቀው በኋላም ሆሊውድ ፊቱን ባዞረበት ጊዜ፥ ኪተን ባልንጀራውን አልከዳም።

በ1920 ጆሴፍ ስኬንክ የተባለው አሠሪ፥ ቀድሞ ቻፕሊን ይሠራበት የነበረውን የፊልም ቤት ለኪተን ሰጠው። እስከ 1923 ድረስ 19 አጫጭር ፊልሞች ከዚያ ወጡ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ዛሬ ከየሣጥኑ ተፈልገው እየወጡ ሰውን የሚያስደንቁት።

የመጀመሪያው «አንድ ሳምንት» ይባላል። አዲስ ተጋቢዎች አጎታቸው የሰርግ ስጦታ አድርጎ በየሣጥኑ ተቈጥሮ የተላከ ተገጣጣሚ ቤት ሰጥቷቸዋል። ሙሽራይቱን ያጣው ተቀናቃኝ ግን በሌሊት መጥቶ የሣጥኖቹን ቍጥር ያዛባል። ባል በታዘዘው ቍጥር መሠረት ሲሠራ በር በሁለተኛው ፎቅ ላይ፥ ግድግዳም በአግድም ይገኛል። ነፋስ ሲመጣ ቤቱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። በመጨረሻም የተሠራው በሰው ቦታ ላይ መሆኑ ይታወቅና እየጎተቱ ሲያሻግሩት በባቡር ሐዲድ ላይ ይቆማል። ባቡር ይመጣል፤ ባልና ሚስት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ባቡሩ በጎን ባለው ሐዲድ ያልፋል። ተመስገን ብለው ሲተነፍሱ ከወዲያ በኩል ሌላ ባቡር መጥቶ ቤቱን ያደቀዋል። ባልየው የሚሸጥ ቤት የሚል ጽሑፍ በፍርስራሹ ላይ አቁሞ፥ የአሠራሩንም መመሪያ አያይዞ፥ የሚስቱን እጅ ይዞ ይሄዳል። ፊልሙ ከ25 ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለ ትዳር ግን ብዙ ያውቃል። ባልና ሚስቱ በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ አንድ ጊዜም እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ የሚፈርሰው ቤቱ ብቻ ነው።

«ጀልባዋ» በ1921 የወጣ ነው። አባት በቤቱ ምድር ቤት ጀልባ ይሠራል፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ከበሩ እንደምትሰፋ ያስተውላል፤ ሲጎትታት ቤቱ ተከትሎ ይፈርሳል። ወደ ባሕር በሚያወርዳት ጊዜም ቀጥ ብላ ወደ ታች ትሰጥማለች፤ አባትም በፊተኛው ጫፍዋ ላይ ቆሞ ፊቱን ሳይለውጥ አብሮ ይወርዳል። በኋላ ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር በማዕበል ሲጨነቅ፥ ሚስቱ የጋገረችው ቂጣ ጥርስ የማይገባው ሆኖ ይገኝና በምስማር መትቶ የጀልባይቱን ቀዳዳ ይደፍንበታል። አንድ አባት ለቤተ ሰቡ መልካም ሲያስብ በራሱ እጅ ሁሉን ሲያጠፋ ማየት እንዲህ ያስቃል ብሎ የሚገምት አይኖርም።

በ1922 የወጣው «የሚስቴ ዘመዶች» ደግሞ፥ ዳኛው ቋንቋ ባለማወቁ ምክንያት በስሕተት ከማያውቃት ሴት ጋር የተጋባ ምስኪን ሰው ታሪክ ነው። የሴቲቱ አባትና ወንድሞች ግዙፎች ሲሆኑ፥ በገበታ ላይ እጃቸው ፈጣን ስለ ሆነ ለአማቹ ምንም አይተርፍለትም። ዘመዶቹ ካቶሊካውያን አየርላንዳውያን ናቸው፤ በዓርብ ቀን ሥጋ አይበሉም። አማቹ በስውር ከግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ሐሙስን ገንጥሎ ዓርብን ያመጣዋል፤ ሁሉም ሥጋውን ትተው እጃቸውን ሲሰበስቡ እርሱ ብቻውን ይበላል። የጾምን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ትርጓሜ አያሻውም።

ወደ አባቱ እንመለስ። ጆ ኪተን ልጁ ሲኒማ ውስጥ ከገባ በኋላ ፊልም የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ ይንቅ ነበር፤ ቈይቶ ግን ታርቆ መጣ፤ ልጁም ሥራ ሰጠው። በብዙዎቹ ፊልሞች ውስጥ ረጅም እግሩን ወደ ላይ እየወረወረ የሰው ባርኔጣ የሚመታው ሽማግሌ እርሱ ነው። በ1920 በወጣው «ጎረቤታሞች» ውስጥ የባስተር አባት ሆኖ ይጫወታል። ትናንት በመድረክ ላይ ልጁን የሚወረውር አባት፥ ዛሬ በልጁ ትእዛዝ ሥር ሆኖ ራሱ ይወድቃል። ኪተን ይህን በቂም አድርጎት እንደ ሆነ የሚያሳይ አንድም ምልክት በፊልሞቹ ላይ አይታይም።

በሜይ 31 ቀን 1921 ናታሊ ታልማጅን አገባ። እርስዋም በዚያ ዘመን በሲኒማ እጅግ የታወቁት የኖርማና የኮንስታንስ ታልማጅ እኅት ስትሆን፥ ኖርማ የአሠሪው የስኬንክ ሚስት ነበረች። ስለዚህ አሠሪና ሠራተኛ ዋርሳዎች ሆኑ ማለት ነው። ጀምስና ሮበርት የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ተወለዱላቸው። በ1923 የወጣው «እንግዳ ተቀባይነታችን» የተባለው ረጅም ፊልም ሦስት የኪተን ትውልድ በአንድነት የሚታይበት ነው፤ ባስተር ዋናው ተዋናይ፥ ናታሊ ፍቅረኛው፥ ጆ የባቡሩ ነጂ፥ ሕፃኑ ጀምስ ደግሞ በመጀመሪያው ክፍል ባስተር በሕፃንነቱ ሆነው ተጫውተዋል።

ታሪኩ በደም ስለሚፈላለጉ ሁለት ቤተ ሰቦች ነው። ወጣቱ የአባቱን ርስት ለመረከብ በ1830ዎቹ ዘመን በነበረው አሮጌ ባቡር ሲመጣ፥ በመንገድ ከአንዲት ልጅ ጋር ይተዋወቅና ለእራት ትጋብዘዋለች። ልጅቱ የደመኛው ልጅ ናት። ይሁንና በአገሩ ልማድ እንግዳ በቤት ውስጥ እያለ ደም ማፍሰስ ነውር ነው። ስለዚህ አባትና ወንድሞች ከደጃፉ እስኪወጣ ይጠብቁታል፤ እርሱም ነገሩን ከተረዳ በኋላ ከቤቱ ላለመውጣት የማይፈጥረው ሰበብ የለም። ደም መመለስንና የእንግዳን ክብር አሳምረው ለሚያውቁ ሰዎች ይህ ፊልም ባዕድ አይሆንባቸውም። በካሊፎርኒያ በትራኪ ወንዝ ሲሠራ ኪተንን የያዘው ገመድ ተበጥሶ በኃይለኛው ውኃ ተወስዶ ነበር፤ ከሞት የተረፈው በዳር ያለ ቅርንጫፍ ይዞ ነው። ካሜራውም ሳይቋረጥ ያነሣው ስለ ነበር ይኸው አደጋ በፊልሙ ውስጥ ይታያል። በብዙዎቹ አጫጭር ፊልሞች ተቃዋሚው ሆኖ የሚጫወተው ግዙፉ ባልንጀራው ጆ ሮበርትስ በዚህ ሥራ መካከል ታመመ፤ ሥራውን ፈጽሞ ብዙ ሳይቈይ ሞተ።

ስለ ታላላቆቹ ፊልሞች ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ ላይ አናረዝምም። በ1926 በኦሬገን ግዛት ለ«ጄኔራል» ሲባል እውነተኛ ባቡር ከሚቃጠል ድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ተጣለ፤ ይህም በድምፅ አልባው ዘመን ከፍተኛ ገንዘብ የወጣበት አንድ ትርኢት ነው ይባላል። ፊልሙ ግን በዚያን ጊዜ ከሰረ። በ1928 በ«ስቲምቦት ቢል ጁንየር» ውስጥ የሙሉ ቤት ግድግዳ በላዩ ላይ ሲወድቅ፥ ጥቂት ብቻ በምትተርፍ መስኮት በኩል ቆሞ ዳነ። ይህም ፊልም ቢሆን በመሠረቱ የአባትና የልጅ ታሪክ ነው፤ ግዙፍ የመርከብ አለቃ የሆነ አባት፥ በመልኩም በአለባበሱም ያፈረበት ቀጭን ልጁ በማዕበል ቀን ሲያድነው የሚያሳይ ነው።

አሁን ወደ መከራው ደረስን። ቻፕሊንና ሃሮልድ ሎይድ የፊልሞቻቸው ባለቤቶች ነበሩ፤ ኪተን ግን ደመወዝና ከትርፍ ድርሻ እየተከፈለው ከመሥራት በቀር፥ ስሙን በተሸከመው ኩባንያ ውስጥ አንድ አክሲዮን እንኳ አልነበረውም። የገንዘብን ነገር ለዋርሳው ትቶ እርሱ ስለ ቀልድ ብቻ ያስብ ነበር። በ1928 ስኬንክ ኩባንያውን ዘግቶ ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ማየር ሲያስተላልፈው፥ ቻፕሊንና ሎይድ እንዳይገባ መክረውት ነበር፤ አልሰማም። በታላቁ ኩባንያ «ባለ ካሜራው» የተባለውን መልካም ፊልም ከሠራ በኋላ ነጻነቱ ቀስ በቀስ ተወሰደበት። ቀደም ሲል ከባልንጀሮቹ ጋር በኳስ ጨዋታ መካከል እያሰበ ይሠራው የነበረው ቀልድ፥ አሁን በጽሕፈት ቤት ተጽፎ ይሰጠው ጀመር። እንደ አባቱ መጠጥ ያዘ። በ1932 ናታሊ ፈታችው፤ ልጆቹም የእናታቸውን ስም እንዲይዙ ተደረገ። በ1933 ከኩባንያው ተባረረ፤ በ1934 ዕዳውን መክፈል እንደማይችል ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ወደ 300,000 ዶላር ፈጅቷል የሚባለው የቤቨርሊ ሂልስ ቤትም ከእጁ ወጣ፤ የፊልሞቹ ጥቅልሎች ግን በዚያው በተዘጋው ክፍል ውስጥ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የሠራቸውን ፊልሞች የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ በጥድፊያ ያልፏቸዋል። ከ1934 እስከ 1937 ድረስ ኤጁኬሽናል በተባለ አነስተኛ ኩባንያ 16 ባለ ድምፅ አጫጭር ፊልሞች ሠራ። ገንዘቡ ጥቂት፥ የሥራው ቀን ጥቂት፥ ዕቃውም ያገለገለ ነበር። ብዙዎቹ ደካሞች መሆናቸውን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በመካከላቸው ሁለት የተለዩ አሉ። በ1935 የወጣው «የፓዱካው ታጋይ» በኬንታኪ ተራራ ውስጥ በስውር አረቄ እያወጣ ስለሚኖር ቤተ ሰብ ነው፤ መጠጥ በሕግ መፈቀዱ ሥራቸውን ስላጠፋባቸው ጉልበተኛውን ልጅ ወደ ትግል ገበያ ሊያወጡት ይነሣሉ። በዚህ ፊልም አባት ሆኖ የሚጫወተው ጆ ኪተን፥ እናት ማይራ ኪተን፥ እኅት ደግሞ የባስተር እኅት ልዊዝ ናት። በ1917 በባቡር የተለያዩት ባልና ሚስት በካሜራ ፊት በአንድ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ። ማይራ ቧንቧ የምታጨስ፥ ፊትዋን የማትፈታ ባልቴት ሆና ስትታይ፥ የልጅዋ ኮስታራ ፊት ከማን እንደ ተወረሰ ያልጠረጠረ ተመልካች ያኔ ይገባዋል።

በ1937 የወጣው «ባለ መንኰራኵር የፍቅር ጎጆ» የመጨረሻው ሲሆን፥ በእርሱ ውስጥ ማይራ፥ ልዊዝና ወንድሙ ሃሪ አሉ። በፈራረሰ ሆቴል ውስጥ በእንስሳ ጕልበት የሚጎተተው አሳንሰር ከ20 ዓመት በፊት ከአርባክል ጋር ከተሠራ ፊልም የመጣ ነው። ድሀ የሆነ ሰው የድሮ ልብሱን ገልብጦ እንደሚያሰፋ፥ ኪተንም የድሮ ቀልዱን ገልብጦ ሠራው። ወንድምና እኅቱ ጥቂት ደመወዝ እንዲያገኙ ማሰቡም ግልጽ ነው፤ ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚረዳው እርሱ ነበርና። እነዚህን ሁለት ፊልሞች ከታላላቆቹ ጋር ማወዳደር አይገባም፤ ሆኖም ሦስቱን ኪተኖች በሕይወት ሳሉ፥ ድምፃቸውንም ጭምር ማግኘት የሚቻለው ከመድረኩ ሳይሆን ከዚህ ነው። ጆ በ1946፥ ማይራ በ1955 ሞቱ።

ፊልሞች ለምን ይጠፋሉ? የዚያ ዘመን ፊልም የሚሠራው ናይትሬት ከተባለ ነገር ሲሆን፥ እርሱም ከባሩድ ጋር የሚዛመድ፥ በቀላሉ የሚቀጣጠልና በውኃ ውስጥ እንኳ የማይጠፋ እሳት ያለው ነው። ሳይቃጠል የቀረውም በጊዜ ብዛት ይለጥቃል፥ ይቀልጣል፥ በመጨረሻም ዱቄት ይሆናል። ድምፅ ያለው ሲኒማ በመጣ ጊዜ ደግሞ የድሮው ዋጋ የሌለው ሆነ፤ ብዙው በውስጡ ያለው ብር እንዲወጣ ተብሎ ቀለጠ። በ1937 በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል የአንድ ዘመን ሥራ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፥ በድምፅ አልባው ዘመን በአሜሪካ ከተሠሩት ወደ 11,000 ከሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች መካከል በመጀመሪያው መልካቸው ተሟልተው የቀሩት ከመቶ 14 ብቻ ናቸው።

ኪተን ራሱ ፊልሞቹ እንደሚኖሩ አላሰበም ነበር። በ1940 ኤሊነር ኖሪስ የተባለችውን ወጣት ዳንሰኛ አግብቶ ሰላም አገኘ፤ በሜትሮ ጎልድዊን ማየር ለሌሎች ቀልደኞች ቀልድ እያቀበለ፥ በፓሪስ ሰርከስ እየተጫወተ፥ በኋላም በቴሌቪዥን እየወጣ ኖረ። ያደጉት ልጆቹም ከእርሱ ጋር ተገናኙ። በ1954 ሬይመንድ ሮሃወር የተባለ የሲኒማ ቤት ባለቤት በሎስ አንጀለስ «ጄኔራል»ን ሲያሳይ፥ ኪተን ፊልሙን ሊያይ መጣ። በጋራዡ ያስቀመጣቸው ጥቅልሎች መበስበስ እንደ ጀመሩ ነገረው፤ ሮሃወርም ወደማይቃጠል ፊልም አስገለበጣቸው። ከሜሰን ቤት የተገኙትም ወደ አሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ ገቡ። ሮሃወር በመብት ክርክርና በክስ ብዙ ሰው ያስቀየመ፥ ፊልሞቹን እንደ ግል ርስቱ የያዘ ሰው ነበር፤ ስለ እርሱ መልካም የሚናገር የፊልም ሰብሳቢ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን እርሱ ባይኖር ኖሮ የጋራዡ ፊልሞች ዱቄት ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ተለወጠ። ፓራማውንት ኩባንያ የሕይወቱን ታሪክ በፊልም ለመሥራት 50,000 ዶላር ከፈለው፤ ፊልሙ በሐሰት የተሞላ ቢሆንም በገንዘቡ በውድላንድ ሂልስ አነስተኛ ቤት ገዝቶ ዶሮ እያረባ ኖረ። በ1960 አካዳሚው የክብር ኦስካር ሰጠው። በ1962 በፓሪስ የፊልም ቤተ መዛግብት ሥራዎቹ በተከታታይ ታዩ፤ በጀርመንም «ጄኔራል» እንደ አዲስ ፊልም ሰልፍ አሰለፈ። በሴፕቴምበር 1965 በቬኒስ የፊልም በዓል ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ብዙ ደቂቃ አጨበጨበለት። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1966 በ70 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ሞተ።

ፍለጋው ግን ከእርሱ ሞት በኋላም አልቆመም። ወደ ውጭ አገር የተላኩ ቅጂዎች የመመለሻ ዋጋቸው ከራሳቸው ዋጋ ስለሚበልጥ በየአገሩ ቀርተዋል። ችግሩ በየአገሩ ስሙ መለወጡ ነበር፤ በፈረንሳይ ማሌክ ወይም ፍሪጎ፥ በኢጣልያ ሳልታሬሎ፥ በእስፓኝ ፓምፕሊናስ ይሉታል፤ የፊልሞቹም ርእስ እንዲሁ ተለውጧል። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ሣጥን ከፍቶ በማያውቀው ስም የተጻፈ ጥቅልል ሲያገኝ የማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ፊቱን አይቶ ብቻ ነው። ከአርባክል ጋር የተሠራው «ወጥ ቤቱ» የተባለው የ1918 ፊልም በ1998 በኖርዌይ ተገኘ፤ የጐደለውም ከፊሉ በ2002 በኔዘርላንድ ተገኘ። በ2013 ደግሞ አርጀንቲናዊው የፊልም ታሪክ ሊቅ ፈርናንዶ ፔኛ፥ በ1922 የወጣው «አንጥረኛው» በዓለም ከሚታወቀው ቅጂ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ጥቅልል አገኘ፤ በውስጡም ለዘጠና ዓመት ያህል ማንም ያላያቸው ቀልዶች ነበሩ።

ከአርባክል ጋር ከሠራቸው 14 ፊልሞች አንዱ ብቻ እስካሁን አልተገኘም። ርእሱ «የገጠር ጀግና» ሲሆን በ1917 የወጣ ነው። እናትና ልጅ ጆን ጥለው በሄዱበት በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ አባት ከልጁ ጋር ታርቆ በፊልም የታየበት እርሱ ነው።